የእድራችን መዝገብና አሮጌው ላፕቶፕ፦ ለጀማሪ የሚሆን ሊኑክስ የመምረጥ አንድ ጉዳይ

## የጉዳዩ መነሻ

ሐምሌ 2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ ዝናቡ አባርቶ ጣራው ገና ሲያንጠባጥብ፣ የእድራችን ጸሐፊ በሬን አንኳኩ። በፌስታል የተጠቀለለ ላፕቶፕ ታቅፈው ነበር። "ይግቡ ጋሼ" ከማለቴ ጠረጴዛው ላይ አኖሩትና "ልጄ፣ ይህን ዕቃ ጣለው ካልከኝ እጥለዋለሁ፤ መዝገቡን ግን አውጣልኝ" አሉ።

ጸሐፊው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የእድሩን የአባላት መዝገብ፣ የወር መዋጮውን፣ ቅጣቱንና የድንኳን ኪራዩን የሚይዙት በዚህ ላፕቶፕ ነው። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ፤ የዚያው እድር አባልም ነኝ። በሁለት ቅዳሜ ያልቃል ብዬ የጀመርኩት ሥራ አምስት ሳምንት ወሰደብኝ። የተሳሳትኩበትን ጭምር ለመጻፍ የተነሣሁት ከዚያ ወዲህ አሮጌ ላፕቶፕ ታቅፎ የሚመጣ ዘመድና ጎረቤት ስለበዛብኝ ነው። የሰዎቹን ስምና ሰፈሩን ትቼዋለሁ።

## ማሽኑ

ላፕቶፑን በ2004 ዓ.ም. ያመጣችላቸው ውጭ አገር የምትኖር ልጃቸው ናት። ሁለተኛ ትውልድ ኢንቴል ኮር አይ3 ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ፣ በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚሽከረከር 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ አለው። ባትሪው ሞቷል፤ ቻርጀሩ ሲነቀል ማሽኑ ወዲያው ይጠፋል። ይህን አይቼ ቦታ አልሰጠሁትም ነበር፤ ኋላ ዋጋ አስከፍሎኛል።

ፕሮሰሰሩ 64 ቢት ነው፤ ከቀደመው የ32 ቢት ትውልድ በኋላ የመጣው ዓይነት ማለት ነው። በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የተባለውን ነፃ ኦፕሬቲንግ ሲስተም (ኮምፒውተሩን የሚያሠራውን ዋና ፕሮግራም) ለመጫን ይህ ከሁሉ ቀድሞ መታየት አለበት፤ ብዙዎቹ ታዋቂ የሊኑክስ ዓይነቶች 32 ቢት ማሽኖችን ትተዋል። ለአሮጌ ዕቃ ታጋሽ የነበረው ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ዓይነት እንኳ እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣው 13ኛ እትሙ ለ32 ቢት ኮምፒውተር የተለመደውን መጫኛ አላዘጋጀም።

## ችግሩ

በላፕቶፑ ላይ የነበረው ዊንዶውስ 7 ነው። ማይክሮሶፍት ለዚህ እትም የደኅንነት ማሻሻያ መስጠት ያቆመው ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ክሮምም እ.ኤ.አ. ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ አዲስ እትሙን ለዊንዶውስ 7 አያወጣም። ስለዚህ ጸሐፊው ኢሜይላቸውን ሲከፍቱ አንዳንዱ ገጽ በግማሽ ይመጣል፣ አንዳንዱም ጭራሹን አይመጣም። ማብሪያው ከተጫነ ጀምሮ ሥራ እስኪጀመር አራት ደቂቃ ገደማ ይፈጃል።

ከዚህ ሁሉ የባሰባቸው ግን ፍላሹ ነበር። ደብዳቤ ለማሳተም ፎቶ ኮፒ ቤት በሄዱ ቁጥር ፍላሹ ላይ ያሉት ፋይሎች ወደ አቋራጭ ምልክትነት ተለውጠው ይመለሳሉ። ይህን ቫይረስ በአገራችን ፍላሽ ይዞ ጽሕፈት ቤት የገባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጸሐፊው "የበላብኝ ደብዳቤ ብዛት!" ብለው ፍላሾቹን በፖስታ ውስጥ አስቀምጠዋቸው ነበር፤ ሦስት ናቸው።

ዊንዶውስ 10 እንዳልጭንላቸው የድጋፍ ዘመኑ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ሊያበቃ ሦስት ወር ቀርቶት ነበር። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም በይፋ የሚቀበለው ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ያሉትን ነው። የእኛ ሁለተኛ ትውልድ ነው። የቀረው ሊኑክስ ነበር።

ጸሐፊው ስለ ሊኑክስ ሰምተው አያውቁም። እንዲያዩት ብዬ ሳልጭነው በቀጥታ ከፍላሽ አስነሣሁላቸውና ከፖስታው አንዱን ፍላሽ ሰካሁ። ጠፍተዋል የተባሉት ደብዳቤዎች በሙሉ ተዘርዝረው ወጡ። ተአምር አይደለም። ቫይረሱ ፋይሎቹን አያጠፋም፤ ዊንዶውስ እንዳያሳያቸው "ድብቅ" የሚል ምልክት ያደርግባቸዋል፤ ሊኑክስ ይህን ምልክት ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ጸሐፊው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና አንድ በአንድ አነበቧቸው። የ2009 ዓ.ም. የድንኳን ግዢ ደብዳቤ ሳይቀር ተገኘ። "ይህን ጫንልኝ" አሉ። ገና ምኑንም ሳያውቁት ነው፤ እኔም ይህ እምነት አዘናጋኝ።

## የመጀመሪያው ምርጫ፦ እኔ የለመድኩት

ኡቡንቱ 24.04 የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት ጫንኩላቸው። ምክንያቴ አንድ ብቻ ነበር፤ እኔ በየቀኑ የምጠቀምበት እርሱን ነው፤ ሲበላሽም ለመጠገን አይቸግረኝም። ለጀማሪ ይሆናል ተብሎ በብዙ ቦታ የሚመከርም ነው። ቀድሞ የነበረውን ሁሉ ወደ ውጫዊ ዲስክ ገለበጥኩና ዊንዶውሱን ሳልነካ በባዶው የዲስኩ ክፍል ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኩት።

ሁለት ችግር ወጣ። አንደኛው ዘገምተኛነቱ ነው። ምንም ፕሮግራም ሳይከፈት ከ1 ጊጋባይት በላይ ሜሞሪ ይይዛል፤ ፋየርፎክስና ጽሑፍ ማዘጋጃው አብረው ሲከፈቱ ሃርድ ዲስኩ መንቀርቀር ይጀምራል። ከማብሪያው እስከ ሥራ ሁለት ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ ቆጠርኩ። ሁለተኛው የገጹ አቀማመጥ ነው። ጸሐፊው የሚጽፉትን ደብዳቤ ዝቅ ለማድረግ የሰረዟን ምልክት ሲጫኑ መስኮቱ ተሰወረ፤ በግራ በኩል ካለው ምልክት አጠገብ አንዲት ነጥብ ብቻ ቀረች። እኔ ነጥቧን አያለሁ፣ እርሳቸው አያዩዋትም። ደብዳቤው ጠፋ ብለው ከመጀመሪያው ጻፉት። በአንድ ከሰዓት ሦስት ጊዜ።

በዚያው ቀን ሌላም ነገር አይቻለሁ። የአባላቱን መዝገብ ስከፍት በአማርኛ ስም ፈንታ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና ምልክት ሞልቶ ወጣ። ጸሐፊው ክው አሉ። የቆየ የግዕዝ ፎንት ስለጎደለ መሆኑን አውቄ ፎንቱን ከዊንዶውሱ ክፍል ቀድቼ አስገባሁ፤ ስሞቹም ተመለሱ። "ቀላል ነው፤ የቀረውን በኋላ እናየዋለን" ብዬ አለፍኩት። የጉዳዩ ዋና ነገር እርሱ ነበር፤ እኔ ግን ዐይኔ ፍጥነቱ ላይ ተተክሎ ነበር።

## ሁለተኛው ምርጫ፦ ከሁሉ የቀለለ

ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ዘለልኩ። ፓፒ ሊኑክስ እጅግ ቀላል ነው፤ መላው ሥርዓት ሜሞሪ ውስጥ ገብቶ ስለሚሠራ አሮጌ ማሽን ላይ ይበርራል። ማስጀመሪያ ፍላሽ አዘጋጅቼ ሰጠኋቸውና "ጋሼ፣ ለጥቂት ቀናት ይሞክሩት" ብዬ ሄድኩ።

ፓፒ ከፍላሽ ሲሠራ የተጻፈው ነገር ሜሞሪ ውስጥ ይቆያል፤ መጀመሪያ ሲዘጋም "የሠራኸውን ላስቀምጥ ወይ?" ብሎ በእንግሊዝኛ ይጠይቃል። ጸሐፊው ለማይገባቸው ጥያቄ "አይሆንም" የሚለውን መመለስ ለምደዋል፤ ከዊንዶውስ ዘመን ጀምሮ ማንኛውም ያልጠሩት ጥያቄ ሲመጣ እንዲህ እንዲያደርጉ የመከርኳቸውም እኔው ነኝ። አይሆንም አሉ። የሐምሌ መዋጮ ዝርዝር አብሮ ጠፋ።

ጥፋቱ የፓፒ አይደለም፤ የተሠራው እንደዚያ እንዲሆን ነው፤ ለሚያውቀው ሰውም ጥሩ መሣሪያ ነው። ስሕተቱ ቀላል የሆነው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ለተጠቃሚውም ቀላል ነው ብዬ ማሰቤ ነው። ለማሽኑ የሚቀልለው ለሰውየው ሊከብድ ይችላል፤ የሸክሙ ልክ የሚለካው በሁለቱም ላይ ነው። ጸሐፊው አልተቆጡም። "ወረቀቱ አለኝ" ብለው ከደረሰኝ ጥራዙ ላይ መልሰው ጻፉት። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

## ሲሠሩ ማየት

በሚቀጥለው ቅዳሜ ምንም ሳልነካ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። በአሮጌው ዊንዶውስ ላይ የዘወትር ሥራቸውን እንዲሠሩ ጠየቅኳቸው። ቡናው እስኪደርስ አንድ ሰዓት ተኩል አየሁ።

የሚከፍቱት ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ የአባላት መዝገብ፣ የደብዳቤ ፎልደርና ኢሜይል። ፕሮግራም የሚፈልጉት ከታች በግራ ጥግ ነው። የተከፈተውን መስኮት የሚያገኙት ከታች በተደረደረው ስም ነው፤ ሰዓቱን የሚያዩት በቀኝ ጥግ ነው። እጃቸው ሳይጠየቅ ወደነዚህ ሦስት ቦታዎች ይሄዳል። አማርኛ ሲጽፉ ኪቦርዱን አያዩም። መዝገቡ የተጻፈው በወርድ ሰንጠረዥ ሲሆን፣ መጻፊያው ከዩኒኮድ (ለዓለም ፊደሎች ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር ከሚሰጠው የጋራ መለያ) በፊት የነበረ የግዕዝ ፕሮግራም ነው፤ ጣታቸው አሥራ ሦስት ዓመት የለመደው እርሱን ነው።

እስከዚያ ቀን ስጠይቅ የነበረው "የትኛው ሊኑክስ ይፈጥናል?" ብዬ ነው። ከዚያ በኋላ ግን "እኒህ ሰው 'ፀሐይ' ብለው የሚጽፉት በየትኛው ነው?" ማለት ጀመርኩ።

## ሦስተኛው ምርጫና ተከላው

ሊኑክስ ሚንት 22.1ን፣ ኤክስኤፍሲኢ የተባለውን ቀለል ያለ ገጽታ የያዘውን መረጥኩ። ሚንት የተመሠረተው በኡቡንቱ ላይ ስለሆነ እኔ የማውቀው ሁሉ ይሠራበታል። የፕሮግራም ዝርዝሩ በግራ ጥግ፣ የተከፈቱት መስኮቶች ስም ከታች፣ ሰዓቱ በቀኝ ጥግ ነው። እንደ ወርድና ኤክሴል ያሉ ፕሮግራሞችን የያዘው ነፃው ሊብሬ ኦፊስ አብሮት ይመጣል። ማሻሻያ የሚያገኘው እስከ እ.ኤ.አ. 2029 ነው። ቀለል ያሉት የኡቡንቱ ዓይነቶች ሉቡንቱና ዙቡንቱም ይበቁ ነበር፤ ሚንትን ያስመረጠኝ የሥርዓቱን ቅጂ አስቀምጦ ወደ ኋላ የሚመልሰው ታይምሺፍት አብሮ ተጭኖ መምጣቱ ነው። አጠገባቸው በሌለሁበት ቀን ነገር ቢበላሽ በስልክ እየነገርኳቸው ወደ ትናንቱ ይመለሳሉ።

መጫኛው 3 ጊጋባይት ይጠጋል፤ በሞባይል ዳታ ማውረድ ኪስ ስለሚጎዳ ከመሥሪያ ቤቴ አመጣሁት። መጫን ጀመርኩ። ዊንዶውሱን አጥፍቶ ዲስኩን እየከፋፈለ ሳለ መብራት ሄደ። ባትሪው ደግሞ የሞተ ነው። ማሽኑ ድርግም አለ፤ ሲበራ ዊንዶውስም የለ፣ ሊኑክስም የለ። ፋይሎቹ በውጫዊ ዲስክ ላይ ስለነበሩ የጠፋ ነገር አልነበረም፤ ግን የጸሐፊውን ፊት ያየ ሰው እንደዚያ አይልም። ማግስቱን ላፕቶፑን መሥሪያ ቤት ወስጄ መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጠው ዩፒኤስ ላይ ሰክቼ ጨረስኩት።

ዋይፋዩ አልሠራም። የአሮጌ ላፕቶፕ የዋይፋይ ካርድ አንዳንዱ ሾፌሩ (ካርዱን የሚያሠራው ትንሽ ፕሮግራም) ዝግ ስለሆነ ከሊኑክስ ጋር አብሮ አይመጣም፤ ሾፌሩን ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ኢንተርኔቱ ደግሞ በዋይፋዩ ነው የሚመጣው። መውጫው ስልክ ነው። ስልኬን በቻርጀር ገመዱ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቼ የስልኩን ኢንተርኔት በገመድ እንዲያካፍል አደረግኩ። ከዚያ የሚንት ሾፌር ማኔጀር ካርዱን ለይቶ የሚሆነውን ሾፌር አቀረበ፤ ተጫነ፤ ማሽኑ ጠፍቶ ሲበራ ዋይፋዩ መጣ።

ሚንትን መጀመሪያ የጫንኩት ሆን ብዬ በአሮጌው ሃርድ ዲስክ ላይ ነው፤ የማን ድርሻ ምን እንደሆነ ማወቅ ፈለግኩ። ከማብሪያው እስከ ሥራ አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ወሰደ። ከዚያ ከመርካቶ 240 ጊጋባይት ኤስኤስዲ፣ ማለትም የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ፣ እና ያገለገለ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ገዝቼ ከአንደኛው የ2 ጊጋባይት ሜሞሪ ጋር ቀየርኩ፤ ጠቅላላው 6 ሆነ። እንደገና ጭኜ ስለካው ሃያ ስድስት ሰከንድ። ከኡቡንቱ ወደ ሚንት መሄዴ አንድ ደቂቃ ገደማ ቀነሰልኝ፤ የዲስኩ መቀየር ግን ከቀረው ጊዜ ሦስት አራተኛውን በላው። ስለ ቀላል ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚጻፈው ሁሉ ስለዚህ ዲስክ ቢጻፍ ኖሮ ብዙ ሰው ይጠቀም ነበር።

## ፊደሉ

አሁን በመጀመሪያው ቀን ወዳለፍኩት ነገር ተመለስኩ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች የሀን ቅርጽ በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር። ፋይሉ ውስጥ ያለው የላቲን ኮድ ነው፤ አማርኛ የሚመስለው ፎንቱ እስካለ ብቻ ነው። በዚያ ላይ በአንድ ባይት ሊወከል የሚችለው 256 ምልክት ሲሆን የእኛ ፊደል ከነቁጥሩና ከነነጥቡ ከ300 ይበልጣል። ስለዚህ አንዳንዱ ፊደል ከሁለት ቁራጭ ይገጣጠማል።

የድሮውን ፎንት ማስገባት ለማንበብ ይበቃል፤ ለመጻፍ ግን አይበቃም፤ መጻፊያው ፕሮግራም የሚሠራው በዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው። መዝገቡን ወደ ዩኒኮድ የሚለውጥ ትንሽ ፕሮግራም ልጽፍ ሞከርኩ። ነጠላ ኮድ ያላቸው ፊደሎች ተለወጡ፤ ተገጣጣሚዎቹ ግን ተበታተኑ። በሁለት ማታ ሥራ ግማሹ ስም ልክ፣ ግማሹ አንካሳ ሆነ። ተውኩት።

ጸሐፊው ከሰዓት በኋላ እየሠሩ በአራት ቀን ጨረሱት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች የልጅ ልጃቸው ጻፈች፣ እርሳቸው ከድሮው መዝገብ ላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። 214 ስም ነው። የሞተ ሰው ስም ሲደርሱ "ነፍስ ይማር" ይላሉ፣ ልጅቷም መጻፏን ታቆማለች። እንዲህ እያሉ ዘጠኝ ሰው ከዝርዝሩ ወጣ፤ ሁለት ቤተሰብ ደግሞ ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ ተገኘ። የእኔ ፕሮግራም ቢሠራ ኖሮ እነዚያን ስሕተቶች በጥራት ወደ ዩኒኮድ ያሻግራቸው ነበር።

ከዚያ የጣት ነገር መጣ። መጀመሪያ ያስገባሁት ከሊኑክስ ጋር የሚገኘውን ሴራ የተባለ የአማርኛ አጻጻፍ ነው። የላቲኑን ድምፅ ተከትሎ ስለሚሄድ "ሰላም" እና "መዋጮ" ወዲያው ተጻፉ። "ፀሐይ" ላይ ቆሙ። በሴራ ሠን፣ ኀንና ፀን ለማውጣት ከፊደሉ ጋር ሌላ ምልክት መጨመር ያስፈልጋል፤ ጸሐፊው ያንን ምልክት ፍለጋ ኪቦርዱን ማየት ጀመሩ። "ጋሼ፣ በጸሎቱ ጸ ቢጽፉትስ?" አልኳቸው። በመነጽራቸው ላይ አሻቅበው አዩኝ። "ወይዘሮ ፀሐይ አርባ ዓመት በፀሐዩ ፀ ስትጻፍ የኖረች ናት። ኮምፒውተር ስለቀየርኩ ስሟን ልቀይር?" ልጅ ሆኜ የሰማሁት የአስተማሪ ድምፅ ነበር።

ኪማን የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ከነአማርኛ ኪቦርዱ ጫንኩ። በዚህኛው ያንኑ ቁልፍ ሁለት ጊዜ መምታት ይበቃል፤ ኤስን ደግሞ ሲመቱ ሠ ይመጣል፣ ትልቁን ኤስ ደግሞ ሲመቱ ፀ። ከለመዱት ፕሮግራም ጋር ሙሉ በሙሉ ባይገጥምም ዐይናቸውን ከገጹ ላይ አያስነቅላቸውም። በሳምንት ውስጥ ለመዱት። ለጽሑፍ አቢሲኒካ ኤስአይኤል የተባለውን ነፃ ፎንት መረጡ፤ "የማተሚያ ቤት ፊደል ይመስላል" አሉ።

ዩኒኮዱ ሌላም ነገር አመጣ። መዝገቡ ለመጀመሪያ ጊዜ በፊደል ተራ ተደረደረ፤ ስም ሲፈለግም ይገኛል። ነገር ግን በፀሐዩ ፀ የተጻፈውን በጸሎቱ ጸ ቢፈልጉት አይገኝም። የጸሐፊው ግትርነት ያኔ ጥቅሙ ገባኝ።

## ቀኖቹ

መዝገቡን ከወርድ ሰንጠረዥ ወደ ሊብሬ ኦፊስ ካልክ (እንደ ኤክሴል ወዳለው ፕሮግራም) ስናዛውረው ያልጠበቅነው መጣ። የመዋጮ ቀኖች በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ቀን ቀድሞ ወር ተከትሎ ነው የተጻፉት። ካልክ 12/2/2017 ሲያይ የፈረንጅ ቀን ይመስለዋል፤ ቀን አድርጎ ይይዘዋል። 30/2/2017 ሲመጣ ግን በፈረንጅ የካቲት 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ተራ ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል። ለእኛ ጥቅምት 30 ነው። የጳጉሜን ቀኖችም እንዲሁ፤ 13ኛ ወር አያውቅም። በቀን ሲደረደር የጥቅምት መጨረሻና የጳጉሜን ከፋዮች ሁሉ ከመዝገቡ ግርጌ ተሰበሰቡ። ገንዘብ ያዡ አይተው "እነዚህ ሰዎች ምን አጠፉ?" አሉ።

የቀኑን ዓምድ ምንም ሳይጻፍበት በፊት "ጽሑፍ" ብሎ መሰየምና ዓመቱን አስቀድሞ 2017/02/30 ብሎ መጻፍ ችግሩን ፈታው፤ እንደ ጽሑፍ ሲደረደርም ተራው ልክ ይሆናል። ይህ የሊኑክስ ጉዳይ አይደለም፤ በሰንጠረዥ ፕሮግራም በኢትዮጵያ ቀን የሚሠራ ሁሉ ሊገጥመው ይችላል።

## የሠራውና ያልሠራው

ከአምስት ወር በኋላ ላፕቶፑ በየቀኑ ይሠራል። ፍላሹ አሁንም ፎቶ ኮፒ ቤት ይሄዳል፣ አሁንም በቫይረስ ይመለሳል፤ የዊንዶውስ ቫይረስ ስለሆነ ግን እቤት ሲደርስ ምንም አያደርግም። ወደ ሌላ ሰው እንዳይተላለፍ ፍላሹን በየጊዜው እንዲያጸዱ አሳይቻቸዋለሁ፤ የሚያደርጉት አይመስለኝም።

ሕትመቱ መጀመሪያ ተበላሽቶ ነበር። የጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር አቢሲኒካ ፎንት ስለሌለው ደብዳቤው ሲከፈት መስመሩ ተንሸራቶ ፊርማው ብቻውን ሁለተኛ ገጽ ላይ ዋለ። አሁን ሁሉም በፒዲኤፍ ይሄዳል፤ ፎንቱን አብሮ ስለሚይዝ አይዛነፍም።

ክዳኑ ተዘግቶ ሲከፈት ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። አልፈታሁትም፤ ክዳኑ ሲዘጋ ምንም እንዳያደርግ አዘዝኩትና ተውኩት። ከአንድ መሥሪያ ቤት የሚላክላቸው በኤክሴል ማክሮ የተሠራ ቅጽ በሊብሬ ኦፊስ አይሠራም፤ እርሱን በወረቀት ይሞሉታል። ከ2009 ዓ.ም. በፊት የነበሩት ደብዳቤዎችም በድሮው ፎንት እንዳሉ ናቸው፤ እንዲነበቡ ብቻ ወደ ፒዲኤፍ ለወጥናቸው። ማሻሻያውን በወር አንድ ጊዜ በእኔ ኢንተርኔት እጭናለሁ። የይለፍ ቃሉ የተጻፈው ከደረሰኙ ጥራዝ ጀርባ ነው፤ ስለ ደኅንነት ልነግራቸው ጀምሬ አቆምኩ።

## ለሌላ ሰው የሚጠቅመው

ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ከመመረጡ በፊት ባለቤቱ በየሳምንቱ የሚከፍታቸውን ሦስት ፋይሎች ማየት ያስፈልጋል። እኔ ይህን ሳደርግ ሁለት ሳምንት አልፎ ነበር። ሰውየው ሲያስረዳና ሲሠራ የሚታየው አንድ አይደለም፤ ጸሐፊው በጥያቄዬ ሁሉ "ወርድ ብቻ ነው የምጠቀመው" ነበር ያሉኝ፤ የግዕዝ ፕሮግራሙን እንደ ኪቦርዱ አካል ስለሚያዩት አልጠቀሱትም።

ለአማርኛ ጸሐፊ የሚጫን ከሆነ ሳይጫን፣ ከፍላሽ እንደተነሣ፣ "ኃይለ ሥላሴ፣ ፀሐይ፣ ዓለሙ፣ ሐረገወይን" ብሎ ራሱ ባለቤቱ ይጻፍ። አራቱ ስሞች አስቸጋሪዎቹን ፊደሎች ሁሉ ይዘዋል። ኪቦርዱን ካየ መጻፊያው ገና አልተገኘም። ዊንዶውሱ ከመጥፋቱ በፊት የፎንት ፎልደሩ ሙሉ በሙሉ ይገልበጥ፤ ፋይሎቹን ገልብጦ ፎንቱን መርሳት የሚያሳዝን ስሕተት ነው።

ገንዘብ ካለ መጀመሪያ ዲስኩ ይቀየር፤ ከዚያ በኋላ ምርጫው ይሰፋል፣ እጅግ ቀላል የሆነውን ፍለጋ መንከራተትም ይቀራል። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ዩፒኤስ በሌለበት አይጫንበት። የስልክ ገመድ ከመጫኛው ፍላሽ ጋር አብሮ በቦርሳ ይኑር።

## ገንዘብ ያዡ

በኅዳር ወር ገንዘብ ያዡም ላፕቶፓቸውን ይዘው መጡ። "ለጸሐፊው ያደረግከውን አድርግልኝ" አሉ። የእርሳቸው ማሽን ከጸሐፊው ይሻላል፤ ዊንዶውስ 10 አለው፤ ከአንድ ወር በፊት ደግሞ ድጋፉ አብቅቷል። የመጫኛው ፍላሽ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አላወጣሁትም። ወንበር ሳብኩና በየሳምንቱ የሚሠሩትን እንዲሠሩ ጠየቅኳቸው። መጀመሪያ የከፈቱት ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ፕሮግራም ነው፤ በጎን የሚይዙት የሁለት ነጋዴዎች ሒሳብ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው። ፒችትሪ የሚሠራው በዊንዶውስ ብቻ ነው።

"ዊንዶውሱን አይንኩት" አልኳቸው። ቅር አላቸው። ዲስካቸውን በኤስኤስዲ ቀየርኩ፤ የሒሳቡ ሥራ ከኢንተርኔት ተነጥሎ እንዲሠራ፣ ኢሜይላቸውንም በስልካቸው እንዲያዩ ተስማማን። ወጥተው ሲሄዱ ጸሐፊውን በር ላይ አገኟቸውና "ለእርስዎ ሰጥቶ ለእኔ ነፈገኝ" ሲሉ ሰማሁ።